ምላሱ የረዘመ ካንዴላ

ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ቤታችን አሮጌ ጀነሬተር ካንዴላ ልገዛ ሰቆጣ ገበያው ዳር ካለ የመለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ የተማሪዎቹ ፈተና ሳይባዛ ተቀምጧል፣ ዘበኛችንም የጀነሬተሩን ገመድ ሲጎትት ሰንብቶ ትከሻውን በሻሽ ጠፍሯል። ሻጩ ፀጉሩን እንደ አውራ ዶሮ ጉትያ ያቆመ ጎረምሳ ነው፤ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል እጁን ወደ አንድ ካርቶን ሰደደና ያገኘውን ካንዴላ ባንኮኒው ላይ አንከባለለልኝ። በወረቀት ጠቅልዬ ካመጣሁት አሮጌ ጋር ጎን ለጎን አቁሜ ሳየው፣ ሞተሩ ውስጥ የሚጠልቀው ጥርሳም አንገቱ በአንድ ጥፍር ይረዝማል። ይህ እኮ ይረዝማል ስለው፣ «ኧረ እትዬ፣ ካንዴላ ካንዴላ ነው፤ የገባ ይሠራል» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

የሱቁ ወለል ቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት ጠጥቶ የጠገበ ነው። ትክክለኛውን ከካርቶኑ ውስጥ ለመፈለግ ጎንበስ ስል ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ለልጁ ያሰናዳሁት ስድብም ከአፌ ሳይወጣ ቀረ። እሱን ለመናቅ ከመድረሴ በፊት በወረፋ የሚቀድሙት ሰዎች እንዳሉ ትዝ አለኝ፤ ከወረፋውም ፊት የቆምኩት እኔው ነኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ከሰቆጣ ወዲያ ባለው ዝቋላ ነው፤ ከወረዳው ከተማ ከጽጽቃ ግማሽ ቀን ቁልቁል ተወርዶ ከሚደረስበት የወንዝ ዳር መንደር። ኑሯችን ዝናብ ሲመጣ ማሽላ፣ ዝናብ ሲቀር ፍየል፣ ሁለቱም እንቢ ሲሉ ሁመራ ነበር። የአባቴ ታናሽ እህት እቴቴ ዝማም ለሰሊጥ አጨዳ ብላ ሁመራ ወርዳ ስድስት ዓመት ቀርታ የተመለሰችው እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ሌላው ሰው ከሁመራ ሲመለስ ልብስና ራዲዮ ይዞ ይመጣል፤ እሷ ግን ይዛ የመጣችው በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳና አንድ የካንዴላ መፍቻ ነው። እዚያ ለውሃ ሞተር ሠራተኞች ወጥ ትሠራ ነበር አሉ፤ ሠራተኞቹ ጠጥተው መነሳት የሚያቅታቸው ጠዋት ስለበዛ፣ ድስቷን አውርዳ ሞተሩን ራሷ ማስነሳት ጀመረች፤ ከማስነሳት መፍታት፣ ከመፍታት ማዳመጥ ተማረች። የመንደራችን ሰው ግን፣ «ባል ፍለጋ ሄዳ መፍቻ አግብታ መጣች» እያለ ሲስቅባት ከረመ።

ሳቁ የቆመው፣ ስሙን መጥራት የማልፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ለአሥራ ሁለት አባወራ አንዲት ቀይ የውሃ መሳቢያ ሞተር የሰጠ ዕለት ነው። ሞተሯ እንደ በሽተኛ በቃሬዛ ተጭና በአራት ሰው ትከሻ ገደሉን ወረደች። ወንዶቹ ሁሉ ዙሪያዋን ከበው፣ አንዱ በዱላው ጫፍ ነካ እያደረጋት፣ ሌላው ትነክሰው ይመስል እየሸሸ ሲቆሙ፣ እቴቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተንበረከከችና ገመዱን አንድ ጊዜ ሳበች። ውሃው ከወንዙ ተነስቶ በቱቦው ሽቅብ ወጥቶ የላይኛው እርከን ላይ ሲፈስ፣ የውሃ ተጠቃሚዎቹ ሊቀመንበር አባ ኪሮስ ኮፍያቸውን አውልቀው ያዩት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋይ ብቻ ያበቅል የነበረው ዳርቻ ሽንኩርትና በርበሬ ሆነ።

ሥራዋን ዛሬ ሳስበው ነው ሥራ መሆኑ የሚገባኝ። ካንዴላውን ነቅላ ወደ ፀሐይ አዙራ ጫፉን ታየዋለች፤ ጥቁርና ቅባታም ከሆነ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበታል፣ አመድ መስሎ ከነጣ ቤንዚን አንሶት በግለት እየተቃጠለ ነው፣ የተቆላ ገብስ ከመሰለ ግን በልኩ ጠግቧል። «እዪው ትርንጎዬ፣ ሐኪም ምላስህን አውጣ እንደሚለው ነው፤ ሕመሙን ሁሉ እዚህ ይናገራል» ትለኝ ነበር። ብልጭታው የሚዘልባትን ክፍተት የምትለካው በብረት መጋዝ ስባሪ ነው፤ ስባሪው ሳይጨናነቅ ሳይላላም ካለፈ ይበቃል። ከዚያ ወደ ካርቡራተሩ ትዞራለች፤ ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው የሚቦኩባት ትንሽ ዕቃ ናት። የውስጧን ጠባብ ቀዳዳ በአፏ እፍ ብላ አሸዋውን ታወጣለች፣ የቤንዚኗን ብሎን እስክትቆም በቀስታ አጥብቃ አንድ ዙር ተኩል ትመልሳለች፣ ሞተሩን አስነስታ እስኪሞቅ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ካቻቢቴዋን ከሩብ ዙር ባነሰ ወዲህ ወዲያ ታደርጋለች። ሞተሩ መጀመሪያ ያስላል፣ ቀጥሎ ይንገዳገዳል፣ ከዚያ ድንገት ልክ ጡት እንደያዘ ሕፃን ድምፁ ይሰበሰባል። እዚያ ላይ እጇን ታነሳለች። ሁመራ የለመደችው ልክ እዚህ እንደማይሆን ያወቀችውም ካንዴላው አንድ ሳምንት ሙሉ ሲጠቁርባት ነው። «እኛ አገር ከፍ ያለ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑንም መቀነስ ነው» አለችና ብሎኗን ትንሽ ጠበቅ አደረገቻት። ይህን ማንም አላስተማራትም።

እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? አፈርኩባት። ነጠላዋ ቤንዚን ይሸታል፣ የጥፍሯ ሥር ጥቁር ነው፣ አማርኛዋ እንደ ቤታችን ቋንቋ ኽምጣኛ ኽምጣኛ ይላል። ትምህርት ቤት ልጆቹ «የመካኒኳ» ሲሉኝ መንገድ ለውጬ እሄድ ነበር። ከክፍሌ በእንግሊዝኛ አንደኛ ነኝ፤ ከዚህ የተነሳ አክስቴ ስታወራ ግሥ የማርም፣ ሰው ፊት ስታዋራኝ በአማርኛ ብቻ የምመልስ፣ አሥራ አራት ዓመት የሞላት ትዕቢተኛ ሆኜ ነበር። እሷ አልተቀየመችም። እርማቴን ተቀብላ፣ ቃሉን ሁለቴ ደግማ፣ ትስቃለች።

ስምንተኛ ክፍል ስገባ አቶ ግርማቸው መጣ። ያ መሥሪያ ቤት ከሌላ አገር መድቦ የላከው የመስኖ ኤክስፐርት ነበር። ጫማው ሹል ነው፣ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ ያንጠለጥላል፤ በሮቹ ሁሉ በገመድ በሚታሰሩበት መንደር ያ ሁሉ ቁልፍ ምን እንደሚከፍት እስካሁን አላወቅሁም። ሁለት ቃል ይወዳል፤ «ሳይንሳዊ» እና «በመርህ ደረጃ»። ከአንድ ቀን በቀር ሞተሯን በእጁ ነክቷት አያውቅም፤ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ በጫማው ጫፍ እያመለከተ ስለ እሷ ያስተምር ነበር። እኔ እንደ ታቦት ነበር የማየው። የሞተሯን መጽሐፍ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን፣ ከሰው ሁሉ መርጦ ለእኔ ሰጠኝ፤ «በዚህ መንደር የተማርሽ አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ። ቃሉን ተሸክሜ ሳምንት ሙሉ ስንሳፈፍ ሰነበትኩ። ቀጥሎም ከበላይ እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ስለ ሞተሯ ቆመሽ የምታብራሪው አንቺ ነሽ አለኝ። እናቴ ነጭ ሸሚዜን አጥባ አሰጣችልኝ።

እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር አቶ ግርማቸው ከሰቆጣ አዲስ ካንዴላ ይዞ ወረደ። ሞተሯ ምንም አልሆነችም፤ እቴቴ በዚያው ሳምንት ካርቡራተሯን አጥባ፣ ድምፅዋ አጎራባቹን መንደር ሳይቀር የሚያስቀና ነበር። እሱ ግን ውሃው በእንግዶቹ ፊት እንዲወረወርለት ፈልጓል። «ይሄ የመኪና ነው፤ ጉልበት አለው። ነገ ውሃው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ይደርሳል» አለ።

እቴቴ አዲሱን ተቀብላ፣ አሮጌውን ከሞተሯ ነቅላ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አቆመቻቸው። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል አንድ የሰንበሌጥ አገዳ ወደ ውስጥ ሰደደች፤ ገመዱን በቀስታ ስባ ሞተሯ ሆድ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል የሚመላለሰው ፒስተን አገዳውን ወደ ላይ እስኪገፋው ጠበቀች፣ በጥፍሯ ምልክት አድርጋ አወጣችውና ከአዲሱ ካንዴላ አንገት ጋር አስተያየችው።

«ጌታው፣ የዚህኛው ምላስ ረዝሟል» አለችው። «ፒስተኑ ሲመጣ ያገኘዋል። ይሰበራል።»

«ምላስ?» ብሎ ሳቀ። «እናት፣ ይሄ ምድጃ አይደለም፤ ሳይንስ ነው።»

«ምድጃማ ቢሆን ማን ያስጠጋዎት ነበር?» አለች፣ አገዳውን ከፊቱ እየጣለች። «ደግሞ ምላሱ የረዘመ ሁሉ ጉልበት ያለው ይመስለዋል።»

ከበው የቆሙት ሁሉ ሳቁ። አባ ኪሮስ ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ከለሉ። የአቶ ግርማቸው ጆሮ ሲቀላ አየሁ፤ እሱም ወደ እኔ ዞረ። «ተማሪ ትርንጎ፣ መጽሐፉ ምን ይላል? አንብቢላቸው።»

ገጹን አውቀዋለሁ፤ ለነገው ስለማመድ በቃሌ ይዤዋለሁ። ለሞተሯ የሚሆነው ካንዴላ ቁጥርና ፊደል እዚያ ተጽፏል። ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከዚያ አዲሱን ካንዴላ ተቀብዬ ነጩ ገላው ላይ የታተመውን አየሁ። ሁሉም አንድ ነው፤ የመጨረሻው ፊደል ብቻ ይለያል። ከሰንጠረዡ ግርጌ ደግሞ፣ ያ የመጨረሻ ፊደል የአንገቱን ርዝመት የሚያመለክት መሆኑ በደቃቁ ተጽፏል። ይህንንም አንብቤዋለሁ። ቀና ስል እቴቴ ታየኛለች፤ እየተለማመጠችኝ አልነበረም፣ እንዲያው በእርግጠኝነት ነበር የምትጠብቀኝ።

«ያው ነው አይደል?» አለኝ አቶ ግርማቸው።

«ያው ነው» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ሰበብ ስፈልግ ኖሬያለሁ፤ ልጅ ነበርኩ ብዬም፣ ፈርቼው ነው ብዬም ሞክሬያለሁ። አልፈራሁትም። ነጩን ሸሚዝ ለብሼ እንግዶቹ ፊት መቆም ፈልጌ ነበር፤ ይኸው ነው፣ ከዚህ በላይ ጥልቀት የለውም።

እቴቴ መፍቻዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ራቅ ብላ ቆመች። አቶ ግርማቸው ካንዴላውን ራሱ አሠረ፤ ገመዱን ሲስብ ያዝ አደረገው፣ «ይሄ ጉልበቱ ነው!» አለና በሁለት እጁ ጎተተ። ሞተሯ ተነሳች። ቅ ቅ ቅ የሚል፣ መዶሻ ብረት የሚመታበት የሚመስል ድምፅ ታሰማ ነበር፤ እሱ ግን ቤንዚኑን ጨመረላት። ቱቦው ተወጠረ፣ ውሃውም እውነትም ከወትሮው ራቅ ብሎ ተወረወረ፤ አንዳንዱ ሊያጨበጭብ እጁን አነሳ። ከዚያ የሆነ ነገር ሆዷ ውስጥ ተንኳኳ፣ ተፈጨ፣ ተንቋቋ፤ ሞተሯ አንዴ ዘልላ ጸጥ አለች። ገመዱን ሦስት ወንድ ቢስበው አልነቃነቅ አለ። ካንዴላውን ሲነቅሉት ጫፉ የለም። የተሰበረው ብረት ውስጥ ቀርቶ የፒስተኑን ቤት እንደ ማረሻ አርሶታል።

እንግዶቹ በማግሥቱ መጡ። አቶ ግርማቸው ሙሉ ሌሊቱን የተኛ አይመስለኝም፤ ጠዋት ፊቱ ታጥቦ፣ ታሪኩም አብሮ ታጥቦ ነበር የቀረበው። ኦፕሬተሯ ያለ ሥልጠና ካርቡራተሩን እየነካካች ሞተሩን አበላሽታለች፤ በመርህ ደረጃ እንዲህ ያለ መሣሪያ ላልተማረ ሰው መሰጠት አልነበረበትም። እንግዶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። አባ ኪሮስ ግን ቀላል ሰው አልነበሩም፤ መጀመሪያ እቴቴን በኽምጣኛ ጠየቋት፣ እሷም፣ «መጽሐፉን ያነበበችው እሷ ናት፤ እሷን ይጠይቋት» አለች። ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ መጽሐፉ ያንን ካንዴላ ይላል? ወይስ አይልም? እግዜር ይሰማሻል።»

እግዜር ሰማ። ይላል አልኩ።

ነጩን ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ስለ ሞተሯ ማብራራቱ ግን ቀረ፤ የሚብራራ ሞተር አልነበረማ። ያን ዓመት ዝናቡ በጊዜ ወጣ። ሽንኩርቱ ጭንቅላት ሊይዝ ሲል ጠወለገ፤ ሴቶቹ በጄሪካን ከወንዝ እየቀዱ፣ አህያ ያለው በአህያ፣ የሌለው በጀርባው እያመላለሰ ጥቂት መደብ ለማዳን ሞከሩ፤ በርበሬው እንደ ወረቀት ተኮራመተ። ሁለት ቤተሰብ ቤታቸውን በእሾህ ዘግተው ሁመራ ወረዱ፤ አንደኛው ቤት እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ካንዴላው ትክክል ነው ስለተባለ ሰዉ ጥፋቱን ካርቡራተሩን በነካካችው በእቴቴ ላይ ጫነ፤ እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትደርስ ሴቶቹ ወሬ አቁመው ጄሪካናቸውን ሲያነሱ አስታውሳለሁ። አቶ ግርማቸው በዓመቱ መጨረሻ ወደ ተሻለ ቦታ ተዛወረ፤ ሽኝት ተደረገለት፣ ጋቢም ተሸለመ።

እኔን አልመታችኝም፣ ለአባቴም አልተናገረችብኝም። ነገሩ ካለፈ ከሳምንት በኋላ ቤቷ ሄጄ ደጃፉ ላይ ቆምኩ፤ እሷ ካቻቢቴዋንና ፒንሳዋን ዘይት ቀብታ በዚያው በመጡበት ጨርቅ እየጠቀለለች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ተነሳች፤ በርጩማውን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ እኔ ገፋችው።

«ይቀመጡ» አለችኝ።

የምታሾፍ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «ውኃ ላምጣልዎት? እርስዎ የመሥሪያ ቤት ሰው ነዎት፤ ዝም ብለው አይቁሙ።» ታላቅ ለታናሽ፣ አክስት ለወንድሟ ልጅ። በእኛ አገር እርስዎ ለሽማግሌ የሚሰጥ ክብር ነው፤ ከሷ አፍ ሲወጣ ግን ከማንም ስድብ የከፋ፣ የማይመለስ ንቀት ነበር፤ ምክንያቱም ሰው አከበረችኝ ብሎ ለማን ይከሳል? አባቴ ቀልድ ነው ብሎ ተወው። እናቴ፣ «ትተወዋለች» አለችኝ። አልተወችውም። በዓል ሲመጣ፣ ለቅሶ ስንቀመጥ፣ ሰቆጣ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ልትሸኘኝ መንገድ ድረስ ስትመጣም፣ «በሰላም ይግቡ» ነበር ያለችኝ። የቋጠረችልኝን ቆሎ ሳይቀር በሁለት እጇ፣ ከወገቧ ሰበር ብላ ነው ያቀበለችኝ።

መምህርት ሆኜ ደመወዝ ስበላ፣ ድፍረት አጠራቅሜ ልናገር ሄድኩ። አባ ኪሮስ ሞተዋል፣ ሞተሯ ከመጋዘን ወጥታ ዶሮ ትተኛባታለች። እቴቴ ደጅ ተቀምጣ ማሽላ ትለቅም ነበር። ፊደሉ እንደሚለይ አይቼ ነበር አልኳት፤ ሁለት ጊዜ ዋሽቻለሁ፣ ለመንደሩ ሁሉ ልናገር ነው የመጣሁት አልኳት። እጇ ከማሽላው አልቆመም።

«እኔ ፊደል አላውቅም» አለች። «የእርስዎን ፊት ግን ያን ጊዜ ማንበብ እችል ነበር።»

መንደሩን ሰብስቤ ተናገርኩ። ሰዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አንዲት ሴት፣ «ያ እኮ ድሮ ቀረ» አለችና ወደ ፍየሎቿ ሄደች። ከሽንኩርቱ ጋር ቁጣውም ደርቆ አልቋል። እውነቱ ለእነሱ ሲዘገይ፣ ለእቴቴም የሚመልስላት ነገር አልነበረም፤ ሞተር መንካቷን ከተወች ብዙ ዓመቷ ነው።

አቶ ግርማቸውንም አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ፤ ሰቆጣ ላይ በተደረገ አንድ ስብሰባ ወፍሮ፣ የክብር ወንበር ላይ ተቀምጦ። በሻይ ሰዓት ጠጋ ብዬ ስለ ዝቋላዋ ሞተር ጠየቅሁት። ብስኩቱን እያላመጠ አሰበ፤ «የትኛዋ ሞተር? ብዙ ነበሩ እኮ» አለኝ። እየዋሸ አልነበረም፤ ከምር ረስቷታል። ለዓመታት አጠራቅሜ ያቆየሁትን ንቀት ሁሉ ላወርድበት አፌን ስከፍት፣ አንድ ነገር ያዘኝ። እሱ የሚያነብ ሰው አልነበረም፤ ያንን ፊደል አንድም ቀን አላየውም። ደንቆሮነቱ እንደ ጋቢው ይሸፍነዋል። እኔ ግን አይቻለሁ። ሻዬን አስቀምጬ ተመለስኩ።

እቴቴ ዝማም ስትታመም ሰቆጣ አምጥቼ አሥራ አንድ ቀን አስታመምኳት። ገላዋን አጠብኳት፣ ፀጉሯን ጎነጎንኩላት፤ ጥፍሯ ሥር የነበረው ጥቁር ከብዙ ዓመት በፊት ለቆ፣ እጇ እንደ ማንም አሮጊት እጅ ጸድቶ ነበር። አንቺ በዪኝ ብዬ ለመንኳት፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተቆጪኝም ስደቢኝም፣ ግን አንቺ ብለሽ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ልትለኝ የነበረ ይመስለኛል፤ ወይም እንዲህ ብዬ መጽናናት እወድ ይሆናል። ከዚያ፣ «ደክሞዎታል፣ ይተኙ» አለችኝ፤ በማግሥቱም አረፈች።

አባትና እናቴም አልፈዋል። ዛሬ በዚህ ከተማ ከርእሰ መምህሩ እስከ ዘበኛው እርስዎ የማይለኝ የለም፤ ዕድሜዬም ሥራዬም ደርሶልኛል፣ ሰው ሁሉ ከልቡ ነው የሚያከብረኝ። በሰማሁት ቁጥር ግን እዚያ የእቴቴ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ። እኔን አንቺ ለማለት የሚችሉት ሰዎች አንድ በአንድ አለቁ፤ አንዷ ግን ሞት ሳይወስዳት፣ በሕይወቷ ሳለች፣ አንቺታዋን በፈቃዷ ነው የነሣችኝ።